አላይመንት አሠርቼ ጎማዬ ተበላ፤ ጋራዡን መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከነተሳቢው ጅቡቲ የሚመላለስ የጭነት መኪና አለኝ። መሪው ወደ አንድ ጎን ስለሚጎትት ጋራዥ ወስጄ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠራሁ። ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ ግን የፊት ጎማዎቹ በአንድ በኩል ተበልተው መጡ። ጋራዡ «ጭነት አብዝተህ ነው» አለኝ። የተፈራረምነው ነገር የለም፤ ያለኝ ደረሰኝ ብቻ ነው። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ፣ ይችላሉ። አለመፈራረማችሁ አያስጨንቅዎ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1719 መሠረት፣ ሕግ በጽሑፍ ይሁን ብሎ ካላዘዘ በቀር የቃል ውልም ውል ነው። ቁጥር 2610 ደግሞ ሥራ የተቀበለ ሰው የተስማማበትን ውጤት በራሱ ኃላፊነት እንዲያስገኝ ያስገድዳል።

ከባዱ ማስረጃው ነው። ጎማ የሚበላው በአላይመንት ብቻ አይደለም። ከልክ ያለፈ ጭነት፣ ያልተስተካከለ ንፋስ፣ የደከመ ባሌስትራም (የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው የብረት ሞላ) ይበላዋል። የተሳቢው አክስል (ጎማዎቹ የሚታሰሩበት ዘንግ) ከተጣመመም መኪናውን ከኋላ እየገፋ ጎማ ይጨርሳል። ያሠሩት መኪናውን ብቻ ነው ወይስ ከነተሳቢው? ደረሰኙ ላይ «የፊት አላይመንት» ብቻ ከተጻፈ፣ ጋራዡን በተሳቢው ጥፋት መጠየቅ ይከብዳል።

አደራ፣ የተበሉትን ጎማዎች እንዳይጥሏቸው! መሪውንም ሳያስነኩ ሌላ ጋራዥ ያስለኩና ውጤቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። የመጀመሪያው ጋራዥ ሰው እዚያው ቢገኝ በጣም ጥሩ ነው፤ በኋላ «አላየሁም» ማለት አይችልም። ከዚያ ቀን ቆርጠው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ቁጥር 1772 ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል። ኮፒው ላይ አስፈርመው ያስቀሩ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ፍርድ ቤት ይሮጣል፤ እኔ አልመክርም። በማስጠንቀቂያው ብቻ የሚታረቁም አሉ።

የጎማውንና የአላይመንቱን ዋጋ መጠየቅ ይችላሉ። መኪናው ቆሞ የቀረብዎት ገቢ ግን ይለያል። ሥራውን ሲሰጡ «የጅቡቲ ጭነት ይጠብቀኛል» ብለው ነግረዋቸው ከነበረ በቁጥር 1801 መሠረት እሱንም መጠየቅ ይችላሉ። የሰማ ምስክር ካለ ስሙን ከአሁኑ ይያዙ።

እስከዚያው በተበላ ጎማ አይንዱ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለትማ ጨርሶ አያስቡት። አደጋ ቢደርስ በቁጥር 2081 ለተጎጂው የሚጠየቀው የመኪናው ባለቤት ነው፤ «ጥፋቱ የኔ አይደለም» ማለት አያድንዎትም። መጀመሪያ ያስለኩ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ከዚያ አዲስ ጎማ ይግዙ። የግዢውንም ደረሰኝ ይያዙ፤ ክሱ ላይ የሚያያዘው እሱ ነው።