መመሪያው ላይ የጎደለችው ደረጃ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ ቤቴ መጣች። እዚሁ ሀዋሳ የኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ፊቷ ጠቁሯል። አንድ የኦፕን ሶርስ ፕሮግራም፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነና ማንም ሊያሻሽለው የሚችል፣ ለመጫን ከጠዋት ጀምሮ ስትታገል ነው የዋለችው። "ጋሼ፣ እኔ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም መሰለኝ" አለችኝ።

መመሪያውን አብረን ከላይ ጀምረን አነበብነው። ሦስተኛው ደረጃ የማዋቀሪያውን ፋይል ክፈቱ ይላል። ፋይሉ ግን የለም። ለካ መጀመሪያ የናሙናውን ፋይል ኮፒ አድርጎ ስሙን መቀየር ያስፈልጋል። ይቺን የጠቀሳት የለም። መመሪያውን የጻፈው ሰው ማሽን ላይ ፋይሉ ድሮ የተቀመጠ ስለሆነ ደረጃዋ መጉደሏ አልታየውም። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም።

"ይሄን መመሪያ አሁኑኑ አስተካክለሽ ለፕሮጀክቱ ሰዎች ላኪላቸው፤ ነገ ይረሳሻል" አልኳት።

ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው። ብዙ ልጆች "ኮድ በደንብ መጻፍ ስችል ያኔ አስተዋጽኦ አደርጋለሁ" ይሉኛል። ዶክመንቴሽን፣ ማለትም የመመሪያ ጽሑፍ፣ ላይ ግን የምትፈለጉት ገና ሳትለምዱ ነው። ነባሩ የማያየውን አዲስ ሰው ያያል። ያ ዓይን ደግሞ አይቆይም። ፕሮግራሙ አንዴ ከሠራላችሁ በሳምንቱ የት ቦታ እንደተቸገራችሁ እንኳ አታስታውሱም። እኔ በሥራ ዘመኔ ስንቱን እንዲህ አሳልፌዋለሁ። ዛሬም ይቆጨኛል።

አሠራሩ ብዙ አይደለም። ሥራው የሚካሄደው የፋይሎችን ለውጥ በሚመዘግበው ጊት በተባለ ፕሮግራምና ብዙ ጊዜ ፕሮጀክቶች በሚቀመጡበት በጊትሃብ ድረ ገጽ ነው። ፕሮጀክቱን ፎርክ ስታደርጉ ድረ ገጹ ላይ የራሳችሁ ኮፒ ይኖራችኋል። እሱን ወደ ላፕቶፓችሁ ክሎን ታደርጋላችሁ፣ ማለትም ታወርዳላችሁ። ብራንች (ለለውጣችሁ የተለየ የሥራ መስመር) ትከፍታላችሁ፣ ታስተካክላላችሁ፣ ኮሚት አድርጋችሁ (ለውጡን ከመልእክት ጋር መዝግባችሁ) ፑሽ ታደርጋላችሁ፣ ማለትም ድረ ገጹ ላይ ወዳለው ኮፒያችሁ ትልካላችሁ። በመጨረሻ ፑል ሪኩዌስት ትልካላችሁ፤ "ይህን ለውጥ ተቀበሉኝ" ማለት ነው። ኮንትሪቢዩቲንግ የሚባል ፋይል ካላቸው ቀድማችሁ አንብቡት። የቤቱ ደንብ ያለው እዚያ ነው።

ዳታ ለሚያልቅባችሁ፣ ክሎን ስታደርጉ ዴፕዝ 1 ብትሉት የቆየውን ታሪክ ሁሉ ሳያወርድ የመጨረሻውን ብቻ ያመጣላችኋል።

እየሠራን መብራት ሄደ። ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። ልጅቷ ላፕቶፗን ልትዘጋ ስትል "ቀጥይ" አልኳት። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 ጊትን ለሊኑክስ ከርነል (ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሥራ ሲሠራው፣ እያንዳንዱ ሰው የፕሮጀክቱን ታሪክ በገዛ ማሽኑ እንዲይዝ አድርጎ ነው። ብራንች ለመክፈትም ሆነ ኮሚት ለማድረግ ኔትዎርክ አያስፈልግም። ኔትዎርክ የሚያስፈልገው ለመላክና ለመቀበል ብቻ ነው። በረንዳ ላይ ወጥተን፣ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ እየነፈሰብን፣ በባትሪ ጨረስነው።

ኮሚት ከማድረጓ በፊት ግን ጊት ዲፍ፣ የተቀየረውን መስመር የሚያሳየውን ትዕዛዝ፣ አስባልኳት። ሁለት መስመር ነበር የጨመረችው። ጊት ፋይሉ በሙሉ ተቀይሯል አላት፤ ላዩ ቀይ (የተሰረዘ)፣ ታቹ አረንጓዴ (የተጨመረ)። "ኧረ እኔ አልነካሁትም!" አለች። እውነቷን ነው። ኤዲተሯ ሴቭ ሲያደርግ የየመስመሩን መጨረሻ ወደ ዊንዶውስ ዓይነት ቀይሮታል። ለዓይን አይታይም፤ ለጊት ግን እያንዳንዱ መስመር አዲስ ነው። ኤዲተሩ ታች ጥግ ላይ ሲአርኤልኤፍ (የዊንዶውሱ ዓይነት) የሚለውን ወደ ኤልኤፍ (የሊኑክሱ ዓይነት) መልሳ ሴቭ አደረገችው። ዲፉ ሁለት መስመር ሆነ።

እባካችሁ ይቺን እንዳትዘሏት። ፑል ሪኩዌስታችሁን የሚያየው ሰው ብዙ ጊዜ በነፃ የሚያገለግል ነው። ከሥራ ደክሞት ገብቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ ነው የሚከፍተው። ሁለት መስመር ለማግኘት ፋይሉን ሙሉ እንዲበረብር አታድርጉት።

የኮሚት መልእክቷ ደግሞ "ሪድሚ ተስተካከለ" ይል ነበር። ሪድሚ የፕሮጀክቱ መግቢያና መመሪያ የሚጻፍበት ፋይል ነው። መልእክቱ ግን ለማንም ምንም አይነግርም። "የናሙና ፋይሉን ኮፒ የማድረግ ደረጃ ጨምር" በሚል አስቀየርኳት። የመጀመሪያው መስመር ከ50 ፊደል ባይበልጥ ይመረጣል። ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር ትታችሁ ለምን እንዳስፈለገ ጻፉ። ምን እንደተቀየረ ዲፉ ያሳያል፤ ለምን የሚለውን ግን ከእናንተ በቀር የሚያውቀው የለም። ስማችሁና ኢሜይላችሁም ከኮሚቱ ጋር ለሁልጊዜው እንደሚቀር አትርሱ። ጊትሃብ ኢሜይል የሚደብቅበት አድራሻ ስላለው እሱን ተጠቀሙ።

ቁጥር ለማብዛት ብላችሁ ግን አትላኩ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2020፣ በኦክቶበር ወር ለኦፕን ሶርስ አስተዋጽኦ በሚያበረታታው ሃክቶበርፌስት በተባለው ዘመቻ ቲሸርት ለማግኘት ሲሉ ብዙዎች ሪድሚ ላይ "ግሩም ፕሮጀክት" የምትል ቃል እየጨመሩ የሰዎችን ሥራ አጨናነቁ። አዘጋጆቹ በዚያው ወር ደንቡን ቀይረው ፈቃደኛ የሆኑ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲካተቱ አደረጉ። እኔ ያዘንኩት ለቅን ልጆቹ ነው። የእነሱም ሥራ በጥርጣሬ ታየ። ስለዚህ ራሳችሁ ያልሞከራችሁትን ትዕዛዝ አትጻፉ።

"እንግሊዝኛዬ አይረባም" የምትሉም አላችሁ። መመሪያ ላይ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ቃል ቢያርሙላችሁ ደግሞ ንቀት አይደለም፤ ሪቪው ማለት ያ ነው። በአማርኛ ለምትጽፉም አንዲት ነገር ልንገራችሁ። በፊደላችን የሰየማችሁት ፋይል ጊት ስታተስ (የፋይሎቻችሁን ሁኔታ የሚያሳየው ትዕዛዝ) ላይ 341 እያለ በቁጥር ቢደረደር አትደንግጡ፤ ፋይሉ ደህና ነው። ኮትፓዝ የሚባለውን የጊት ማስተካከያ ፎልስ ስታደርጉት ፊደሉ ይመለሳል።

ልጅቷ እሑድ ጠዋት መብራት ሲመጣ ላከችው። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣላት፤ "የጻፍሽው ትዕዛዝ ለዊንዶውስ ነው፤ ለሊኑክስስ?" የሚል። መጀመሪያ ከፍቷት ነበር። በኋላ የእኔ ማሽን ሊኑክስ ስለሆነ መጥታ ሞከረችውና አንድ መስመር ጨመረች። አዲስ ፑል ሪኩዌስት መክፈት አላስፈለጋትም። እዚያው ብራንች ላይ ፑሽ ስታደርግ የበፊቱ ራሱ ታደሰ።

እስካሁን ሜርጅ አልሆነም፤ ወደ ፕሮጀክቱ አልገባም ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሲሞላው አንዲት የትሕትና መስመር ጽፋ እንድታስታውሳቸው ነግሬያታለሁ። እስከዚያ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ሌላ የጎደለ ነገር አግኝታለች። ለሱ የተለየ ብራንች ከፍታለች።