የወጥ ቤት ሲንክ የውሃ መስመር ሲቀየር፦ ጥያቄና መልስ

የዛገ የብረት ቧንቧን በፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) ስለመቀየር የቀረቡ ጥያቄዎች ናቸው። ቤቱ ብሎኬት ግድግዳ ያለውና ውሃ ከሮቶ የሚወርድለት የአዲስ አበባ ቪላ ነው።

ጥያቄ፦ የድሮው ግማሽ ኢንች ስለሆነ በ20 ሚሊ ፒፒአር ልተካው?

አይተኩት። ፒፒአር የሚጠራው በውጭ ስፋቱ ነው። ባለ 20 ሚሊው ፒኤን 20 (20 ባር ግፊት የሚችለው ዓይነት) የግድግዳው ውፍረት 3.4 ሚሊ ስለሆነ ለውሃው የሚተርፈው 13.2 ሚሊ ብቻ ነው፤ አዲስ የግማሽ ኢንች ብረት ግን ውስጡ ወደ 16 ሚሊ ይጠጋል። የ25ቱ ውስጥ 16.6 ነው። ስለዚህ እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ በ25 ይምጡና ወደ 20 የሚቀንሱት ለሲንኩ በሚገነጠለው የመጨረሻ ሜትር ላይ ይሁን። ያው መስመር ሻወርና ሽንት ቤትም የሚያጠጣ ከሆነ ከሮቶው በ32 ይውረድ። ሮቶው ከሩቢኔቱ 3 ሜትር ከፍ ቢል የሚያገኙት ግፊት 0.3 ባር ነው። እያንዳንዱ ኤልቦ (የቧንቧ ማጠፊያ) ከዚያችው ላይ ይቀንሳል፤ ፓምፕ ለሌለው ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ በወለል ይሂድ፣ በግድግዳ ወይስ ከኮርኒስ በላይ?

ከኮርኒስ በላይ ሄዶ በሲንኩ አናት ቀጥ ብሎ ቢወርድ እመርጣለሁ። ከወለል ሥር ያለ መስመር ቢያፈስ ሴራሚክ ሳይሰበር አይገኝም። ቀጥ ብሎ የወረደ ቧንቧ ደግሞ ነገ መደርደሪያ ለመስቀል ግድግዳ የሚበሳ ሰው የት እንዳለ ሊገምተው ይችላል፤ በሰያፍ የተቀበረውን ግን ማንም አይገምትም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ረጅም አግድም ቦይ ያዳክመዋል። ሁለቱን ጠርዝ በግራይንደር ቆርጠው መሃሉን ቀስ ብለው በመሮ ያውጡ። ኮለንና ቢም ፈጽሞ አይነካም።

የሙቅ ውሃውን መስመር አጥብቀው አይሰሩት። 5 ሜትር ቧንቧ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መላወሻ ካጣ ይጎብጣል። ፀሐይ የሚያገኘው ክፍልም ይሸፈን፣ ፒፒአር ፀሐይ ላይ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ የመውጫዎቹ ቁመት ስንት ነው?

ሁሉም ካለቀ ወለል ይለካል። ሚክሰሩ (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅለው ሩቢኔት) ሲንኩ ላይ የሚቆም ከሆነ ሁለቱ መውጫዎች ከ50 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውጡና አንግል ቫልቭ (ትንሽ የውሃ መዝጊያ) ይግባላቸው። ግድግዳ ላይ ለሚገጠም ሚክሰር 110 አካባቢ ነው፤ በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ልክ 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በውሃ ልክ ይስተካከል። ሙቁ በግራ፣ ቀዝቃዛው በቀኝ። የመውጫው አፍ ከሴራሚኩ ፊት እኩል መሆን ስላለበት የልስኑን፣ የማጣበቂያውንና የሴራሚኩን ውፍረት አስቀድመው ይደምሩ።

ጥያቄ፦ ሲበየድ ስንት ሰከንድ?

ማሽኑ 260 ዲግሪ ይድረስ። 20 ሚሊ 5 ሰከንድ፣ 25 ሚሊ 7 ሰከንድ ይሞቃል። በ4 ሰከንድ ውስጥ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ 2 ደቂቃ አይነካም። ከዚህ በላይ የሞቀ ወይም ከልክ በላይ የተገፋ ቧንቧ ውስጡ ቀልጦ ቀዳዳውን ያጠበዋል። ይህ ስህተት የሚያስቸግረው ስለማያፈስ ነው፤ ሙከራውን ያልፍና ሩቢኔቱ ሲከፈት ውሃው እንደ ክር ይቀጥናል። የቧንቧውን የመግቢያ ልክ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ያድናል፦ ለ20 ሚሊ 14 ሚሊ ሜትር። ቧንቧው ውስጥ የቀረች የውሃ ጠብታም ብየዳውን ታበላሻለች።

ጥያቄ፦ ጥርስ ባላቸው መጋጠሚያዎች ላይ የሚጠመጠመው ቴፍሎን ይሁን ወይስ ቃጫ?

ቴፍሎን ይሻላል። ብዙ ቃጫ ጠቅጥቀው ካጠበቁት የነሐስ ጥርስ ያለበት ፊቲንግ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ልስን ከመደረጉ በፊት እንዴት ይሞከር?

ማሞቂያውንና ፍሌክሲብሎቹን (ተጣጣፊ ማገናኛ ቱቦዎቹን) ነቅለው መውጫዎቹን በታፓ (መድፈኛ) ይዝጉ፤ አየሩን አስወጥተው በእጅ ፓምፕ 10 ባር ይሙሉ። ፕላስቲኩ ስለሚለጠጥ መጀመሪያ ግፊቱ ይወርዳል፣ አይደንግጡ፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ መልሰው ይሙሉት። ከተረጋጋ በኋላ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከ0.2 ባር በላይ ከወረደ ማፍሰሻ አለ። ከመለሰኑ በፊት ሜትር ዘርግተው ፎቶ ያንሱ።

ጥያቄ፦ የድሮው ብረት ግድግዳ ውስጥ ቢቀር ችግር አለው?

ከመስመሩ ተቆርጦ ውሃው ከወጣለት ይቅር። ነገር ግን በአንዳንድ ቤት የመብራቱ ኧርዝ ሽቦ (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው) የታሰረው በዚሁ የብረት ቧንቧ ላይ ነው። ብረቱ በፕላስቲክ ሲተካ ቤቱ ሳይታወቅ ኧርዝ አልባ ይሆናል፤ ማሞቂያው አንድ ቀን ኤሌክትሪክ ሊክ ቢያደርግ ሩቢኔት የነካ ሰው በኤሌክትሪክ ይመታል። ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ኤሌክትሪሻን ይፈትሽ፤ አስፈላጊ ሲሆንም ራሱን የቻለ የኧርዝ ዘንግ ይቅበር።