የአክሪሊክ ሥዕልን በቫርኒሽ ስለ መጨረስ፦ ጥያቄና መልስ

በአክሪሊክ (በውሃ በሚቀጥን) ቀለም የሚሥሉ አንባብያን ሥራቸውን በቫርኒሽ፣ ማለትም ባለቀ ሥዕል ላይ በሚቀባ ግልጽ መከላከያ፣ ስለ መጨረስ የላኩልኝን ጥያቄዎች አሳጥሬ ከነመልሶቻቸው አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ አክሪሊክ ሲደርቅ ራሱ ፕላስቲክ ይሆናል ይባላል። ታዲያ ቫርኒሽ ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ አክሪሊክ ቢደርቅም አይደነድንም። ቀለሙን የሚያያይዘው ፖሊመር በተለመደው የክፍል ሙቀት ልስላሴውን ስለማይለቅ፣ ውሃው ሲተንም በገጹ ላይ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሚቀሩ፣ አቧራና ጭስ ያርፍበታል፤ ከጊዜ ብዛትም ወደ ውስጡ ይሰርጋል። አንዴ የሰረገውን ቆሻሻ ቀለሙን ሳይጎዱ ማውጣት ሥዕል በማደስ ሙያ ለሠለጠኑ ሰዎች እንኳ አስቸጋሪ ነው። ቫርኒሽ ግን ቆሻሻውን በራሱ ላይ ይቀበላል፤ ሲያረጅ ይነሣና በአዲስ ይተካል። ስለዚህ ሲገዙ ስለ ማንጸባረቁ ከማሰብዎ በፊት ሊነሣ የሚችል መሆኑንና በምን እንደሚነሣ በማሸጊያው ላይ ያንብቡ። በወረቀት ላይ ተሠርቶ በመስታወት ውስጥ ለሚቀመጥ ሥዕል መስታወቱ ይበቃዋል፤ ብቻ መስታወቱ ቀለሙን እንዳይነካ ክፍተት ይተዉለት።

ጥያቄ፦ ሥዕሌ በእጅ ስነካው ደርቋል። በዚያው ቀን ቫርኒሽ ልቀባው?

መልስ፦ አይቀቡት። በእጅ የሚታወቀው የላይኛው ገጽ መድረቁ ብቻ ሲሆን ከሥሩ ውሃው ገና እየወጣ ነው። በስሱ ለተቀባ ሥዕል አንድ ወይም ሁለት ሳምንት እንዲታገሡ እመክራለሁ፤ ቀለሙ ተቆልሎ እስከ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወፈረ ግን ወራት ይፈልጋል። ፊርማዎንና ማስተካከያዎን ሁሉ በዚህ ጊዜ ይጨርሱ፤ በቫርኒሽ ላይ የተጨመረ ቀለም ቫርኒሹ በሚነሣበት ቀን አብሮ ይነሣልና።

ጥያቄ፦ ከቫርኒሽ በፊት ሌላ የመለያ ሽፋን ያስፈልጋል ይሉኛል። ትርፍ ሥራ አይሆንም?

መልስ፦ የመለያ ሽፋን በቀለሙና በቫርኒሹ መካከል የሚገባ፣ ከሥዕሉ ጋር ለዘለቄታው የሚቀር ግልጽ የአክሪሊክ ንብርብር ነው። ቫርኒሹ በሚነሣበት ጊዜ ማሟሟያ የነካው ጨርቅ የሚያሸው ይህን ንብርብር እንጂ ቀለሙን አይሆንም። አስፈላጊነቱ እንደ ቫርኒሹ ዓይነት ይለያያል። በዋይት ስፒሪት (ከነዳጅ በሚገኝ የቀለም ማቅጠኛ) የሚነሣ ቫርኒሽ ከተጠቀሙ ማሟሟያው የደረቀውን አክሪሊክ ብዙም አይጎዳውም፤ በውሃ የሚቀጥኑት ቫርኒሾች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት በአሞኒያ ሲሆን አሞኒያ ቀለሙንም ያለሰልሰዋል። የመለያ ሽፋኑ ሌላም ጥቅም አለው። በውሃ እጅግ ቀጥኖ የተቀባ ቦታ ቫርኒሹን ሲመጥጥ ወፍራሙ ስለማይመጥጥ ሥዕሉ እዚህ አብርቶ እዚያ ይፈዛል፤ የመለያ ሽፋን ይህን ልዩነት ያስተካክላል። የተለመደው አሠራር ሁለት እጅ ለስላሳ አንጸባራቂ የአክሪሊክ ጄል በአንድ እጅ ውሃ አቅጥኖ በሰፊና ለስላሳ ብሩሽ መቀባት ነው። ይሁን እንጂ አንዴ ከተቀባ የማይነሣ በመሆኑ አረፋ ወይም ጉም ቢይዝ እንደዚያው ይኖራልና፣ የመጀመሪያ ሙከራዎን በማይሳሱለት ሥዕል ላይ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ የማያንጸባርቅ ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ደራረብኩ፤ ጥቁሩና ጥልቁ ሰማያዊ ነጭ ጉም የለበሰ መሰለ። ምን ሆነ?

መልስ፦ ይህ ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሳዝን ነገር ነው። የዚህ ቫርኒሽ ማንጸባረቅ የሚጠፋው እንደ ሲሊካ ያለ ደቃቅ ዱቄት ስለሚጨመርበትና ዱቄቱ ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። እያንዳንዱ ንብርብር ዱቄት በዱቄት ላይ ይጨምራል፤ ጉሙም ከሁሉ ይልቅ በጥቋቁር ቀለሞች ላይ ይታያል። ዱቄቱ በዕቃው ሥር ስለሚዘቅጥም ሳያማስሉ የቀዱ ሰው ከላይ ቀጭኑን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወፍራሙን ያገኛል። ቀስ ብለው ያማስሉት እንጂ አይናጡት፤ መናጥ አረፋ ይፈጥራል። መፍትሔው የመጀመሪያዎቹን ንብርብሮች በአንጸባራቂ ቫርኒሽ ቀብቶ የማያንጸባርቀውን ለመጨረሻው ብቻ ማስቀረት ነው። ሥዕሉን አጋድመው ያስቀምጡ፤ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ መድረቅ ወደ ጀመረ ቦታ በብሩሽ አይመለሱ።

የእርስዎን ሥዕል በተመለከተ በመጀመሪያ ጥቂት ቀናት ይጠብቁ። ክፍሉ እርጥበት በዝቶበት ወይም ሽፋኑ ወፍሮ ውሃው ታፍኖ ከሆነ ጉሙ በራሱ ሊጠራ ይችላል። ካልጠራ ቫርኒሹን አምራቹ ባዘዘው ማሟሟያ፣ መስኮት ከፍተውና ጓንት አጥልቀው፣ ከጥግ በትንሹ እየሞከሩ ያንሡት።

ጥያቄ፦ ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከል ቫርኒሽ ከቀባሁ ሥዕሉን ፀሐይ በሚገባበት ግድግዳ ልስቀለው?

መልስ፦ አይስቀሉት። ቫርኒሹ መፍዘዙን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ በዓይን የሚታየው ብርሃንም ቀለም ያፈዛል። ዋናው ጥበቃ ብርሃንን የመቋቋም ደረጃው በቱቦው ላይ ተጽፎ የሚገኝ ጥሩ ቀለም ከመጀመሪያው መምረጥ ነው። ፍሎረሰንት (እጅግ ደምቀው የሚያበሩ) ቀለሞችን ግን የትኛውም ቫርኒሽ አያድናቸውም።

ጥያቄ፦ ለጉዞ በፕላስቲክ የጠቀለልኩት ሥዕል ተጣበቀብኝ።

መልስ፦ ሙቀትና ጫና ሲገናኙ ለስላሳው አክሪሊክ ከፕላስቲክ ጋር ይያያዛል፤ ባለ አረፋው ፕላስቲክም ክብ ክብ ምልክት ይተውበታል። ወደ ፊት የቀለሙን ፊት በሲሊኮን በተቀባ ወረቀት ሸፍነው ባለ አረፋውን ከውጭ ብቻ ይጠቅልሉ፤ ሁለት ሥዕሎችንም ፊት ለፊት አያነባብሩ። አሁን የተጣበቀውን በኃይል አይላጡት። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል አቆይተው ከጥግ ጀምረው በዝግታ ያላቁት፤ አክሪሊክ በብርቱ ቅዝቃዜ ስለሚሰነጠቅ ግን ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡት።