አርሴኒክን በእንጉዳይ ጭድ ለማጣራት ላሰቡት ወንድሜ

የጉድጓድ ውኃዎ አርሴኒክ የተባለው መርዝ ስለተገኘበት እንጉዳይ ያበቀሉበትን ጭድ ማጣሪያ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ከሸዋሮቢት ወረድ ብሎ ያስቆፈርኩት ጉድጓድም ይኸው ችግር ስለገጠመው ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ።

1. እንጉዳይም ሻጋታም ፈንገስ ናቸው፤ ፈንገስ አርሴኒክን ይይዛል እንጂ አያጠፋም። በላቦራቶሪ ጥሩ ውጤት ያሳየው አስፐርጊለስ ናይጀር የተባለው ሻጋታ ሲሆን፣ እሱም በብረት ኦክሳይድ (በዝገት) ተለብጦ ነው። እርጥብ ሻጋታ ደግሞ አርሴኒኩን ነጭ ሽንኩርት ወደሚሸት መርዛማ ጋዝ ሊለውጠው ስለሚችል ጭዱ ያለበትን በርሜል ከመኝታ ቤት ያርቁ።

2. ናሙና። ገንዘቤን የበላው ይህ ነው። የመጀመሪያውን ናሙና አንድ ባለሙያ መጥቶ አሲድ በተጨመረበት ጠርሙስ ወሰደው፤ በጭዱ ካጣራሁ በኋላ ያለውን ግን ራሴ በታጠበ ሃይላንድ ቀድቼ፣ ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ሦስት ቀን አሳድሬ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ አደረስኩት። ውጤቱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 10 ማይክሮግራም በታች ሆኖ ሲመጣ በግ አረድኩ፤ በርሜልና ቧንቧ ጨምሬ ለጎረቤትም ማደል ጀመርኩ። ባለሙያው ተመልሶ ሲመጣ እቤት የቀረውን ጠርሙስ አንሥቶ ወደ ፀሐይ አየው፤ ከሥሩ እንደ ቡና አተላ የረጋ ቀይ ደለል ነበረበት። ውኃው ውስጥ ያለው ብረት አየር ሲያገኝ ዝጎ አርሴኒኩን ይዞ ወርዷል፤ የተመረመረው ከላይ ያለው የጠራ ውኃ ነው። አሲድ ቢኖርበት ብረቱ እንዲህ አይረጋም ነበር። በአሲድ ደግመን ስናስመረምር ከጭዱ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ቅሬታዬን ይዤ ላቦራቶሪው ብሄድ በናሙና መቀበያው መስኮት ያለው ወጣት፣ ሽበቴን እያየ፣ «ያመጣኸውን ነው የመረመርነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ናሙና ሲቀበለኝ ስለ አሲድ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የዚያ ደለል ነገር ግን መንገድ ከፈተልኝ። ዛሬ ውኃውን ከከፍታ እያፈሰስኩ አየር አስገባበታለሁ፤ አሳድሬ በአሸዋ አጣራዋለሁ፤ በአሲድ የተወሰደው ናሙና ከ10 በታች ሆኗል። ይህ የሚሠራው ውኃው በቂ ብረት ካለው ነው፤ የእርስዎም ቀድቶ ሲያድር የሚቀላ ከሆነ ይሞክሩት።

3. አርሴኒክ የያዘውን ጭድ ለከብት አይስጡ፣ እንዲሁም አያንድዱት። ውኃውንም አፍልቼ አጠራዋለሁ አይበሉ፤ ማፍላት መርዙን ያከማቸዋል።

አሲድ የተጨመረበት ጠርሙስ ከላቦራቶሪው ሳይቀበሉ ግን ከዚያ መስኮት እንዳይነሡ።