ዶሮ ወጥ በዓይን ልክ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ከጅማ ሂርማታ ነው የምጽፈው። እሁድ እሁድ ጓደኛሞች ተሰብስበን የምንወደውን አሠራር እንለዋወጣለን፣ የኔ ዶሮ ወጥ ነው ግን ልኩን ሲጠይቁኝ በዓይኔ ነው ከማለት ሌላ መልስ የለኝም፣ በርበሬውም አንዳንዴ ይመራል።

መልስ፦ እህቴ፣ በርበሬ ብዙ ጊዜ የሚመረው ስላረረ ነው። ለ1 ዶሮ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቀሽ ክተፊና ያለ ዘይት በዝግታ እሳት አቁላዪው፣ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያደረግሽ፣ 1 ሰዓት ቢፈጅም በፍፁም አትቸኩዪ ምክንያቱም የወጡ ጣዕም የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። ከዛ ዘይት፣ ከዛ በርበሬውን ከትንሽ ውሃ ጋር፣ ደረቁን እንዳትጨምሪው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ንጥር ቅቤ፣ በሎሚና በጨው የታጠበው 12 ብልት ይከተላል። ኮረሪማ ሊወጣ ሲል ነው፣ እናንተ አገር ደሞ ጥሩው አለ፣ ከነቅርፊቱ ገዝተሽ ቤት ውቀጪው፣ የተፈጨው ሽታው ቶሎ ይጠፋል።

ልኩን በተመለከተ፣ እጅሽን አትቀይሪ። በርበሬውን ቀድመሽ በቡና ሲኒ ለክተሽ ሳህን ላይ አድርጊ፣ እንደለመድሽው ሥሪ፣ ስትጨርሺ የተረፈውን ቀንሺና ጻፊው። ለጓደኞችሽ የምትሰጪው እሱን ነው።