መጀመሪያ ኳሷን እዩ

ይድረስ ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ ወጣቶች፤

ስፖርተኞች የፈረሙባቸውን ኳሶች፣ ማሊያዎችና ጓንቶች እያገላበጥኩ "ኦሪጅናል ነው"፣ "ፎርጅድ ነው" ስል ነው ያረጀሁት። አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ፊርማውን ከማየታችሁ በፊት የተፈረመበትን ዕቃ እዩ። ታሪኩን ደግሞ ከሁሉም በኋላ ስሙ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው በጨርቅ የተጠቀለለች የቤዝቦል ኳስ ይዞ መጣ። ታዋቂው የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋች ሉ ጌሪግ የፈረመባት ናት አለኝ። አያቱ ራሳቸው እንዳስፈረሟት የሚናገር ደብዳቤም አብሯት አለ። ሲያወራ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፤ የእኔም ሆድ ባባ። ፊርማውን ከማውቃቸው ፊርማዎች ጋር አስተያየሁት። ቁርጥ እሱን ነው። "ትክክል ነው" ልል አፌን ስከፍት፣ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ኳሷን ተቀበሉኝና አጉሊ መነጽራቸውን አስጠጉ። ትንሽ ዝም ብለው፣ "በምንድን ነው የፈረመው?" አሉኝ።

አየሁ። መስመሩ መሀል ለመሀል ቀጭን ነጭ ጭረት አለ። ቆዳው ላይም ጎድጎድ ያለ ዱካ። ይህ ዛሬ ሁላችንም የምንጽፍበት፣ ጫፉ ላይ የምትሽከረከር ጥይት ያለችው እስክሪብቶ ምልክት ነው። ጌሪግ የሞተው በ1941 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያ እስክሪብቶ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው በ1945።

ሰውዬው አልዋሸንም። የሰማውን ነው የነገረን። ልብ በሉ፣ የተሳሳተ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ይዞላችሁ የሚመጣው እውነተኛ ሰው ነው። ለዚህ ነው ታሪኩን ኋላ ስሙ የምላችሁ።

ዕቃው የራሱ ሰዓት አለው። ሌላው የቤዝቦል ኮከብ ቤብ ሩት የሞተው በ1948 ነው፤ ሻርፒ የሚባለው ወፍራም የማይለቅ ማርከር የመጣው በ1964። ስለዚህ ሩት በሻርፒ ፈረመ ከተባላችሁ መልሱ አለቀ። በዚያ ዘመን አሜሪካን ሊግ በሚባለው የቤዝቦል ሊግ ኳሶች ላይ የሊጉ ፕሬዚዳንት ስም ይታተም ነበር። ጆ ክሮኒን ፕሬዚዳንት የሆነው በ1959 ነው። የእሱ ስም ባለበት ኳስ ላይ የሩት ፊርማ ካያችሁ፣ ፊርማው የቱንም ያህል ቢያምር አትድከሙ። ግን አትቸኩሉ። መሐመድ አሊ ስሙን የለወጠው በ1964 ነው። ከዚያ በኋላ በተሠራ ጓንት ላይ "ካሲየስ ክሌይ" የሚል ካያችሁ ጠርጥሩ፤ ሆኖም ሰብሳቢዎች ሲለምኑት በድሮ ስሙ የፈረመባቸው ጊዜያትም አሉ።

ዕቃው ካለፈ በኋላ ወደ እጁ ሂዱ። ሰው ስሙን ሲፈርም አያስብም፤ እጁ ይበራል። መስመሩ ሲጀምርም ሲጨርስም ይሳሳል። አስመሳዩ ግን ይሥላል። ቀስ ይላል፣ መሀል ላይ እስክሪብቶውን ያነሳል፣ ጫፉ ይደፈናል። ፊርማውን ዘቅዝቃችሁ ስታዩት ስሙ ይጠፋና መስመሩ ብቻ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ማመንታቱ ይታያችኋል። ታዲያ መንቀጥቀጥ ሁሉ ፎርጅድ አይደለም። አሊ ፓርኪንሰን የሚባለው እጅ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ከያዘው በኋላ ፊርማው ተለውጧል። ስለዚህ ስታስተያዩ ከዚያው ዘመን ፊርማ ጋር ይሁን።

ሰርተፍኬት አለው ብላችሁ አትዝናኑ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤፍቢአይ "ኦፕሬሽን ቡልፔን" ብሎ በሠራው ምርመራ ውስጥ ፎርጅድ ፊርማው ከነፎርጅድ ሰርተፍኬቱ ነበር የሚሸጠው። ማዘር ቴሬዛ ፈረሙበት የተባለ የቤዝቦል ኳስ ሳይቀር ተገኝቷል። እኔ ይበልጥ የማምነው ሲፈረም ያየ ምስክር ያለውን ነው። የአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ከ2001 ጀምሮ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ምስክሩ እዚያው ይቆማል፣ ቁጥር ያለው የሚያብለጨልጭ ምልክት (ሆሎግራም) ይለጠፋል። ያኔም ቢሆን ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ፈልጉና የተመዘገበው ዕቃ እጃችሁ ላይ ያለው መሆኑን አረጋግጡ።

ስለ ዋጋ ብዙ አልልም። ሻጭ የጠራው ዋጋ ዋጋ አይደለም። በቅርብ ጨረታ በእርግጥ የተሸጠበትን ፈልጉ። ዝና ብቻውን አያስወድድም፤ ብዙ የፈረመ ሰው፣ ንጉሥም ቢሆን፣ ፊርማው ይረክሳል። የቤዝቦል ተጫዋቹ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ግን በ1972 መጨረሻ በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ገና 38 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ፊርማ አልተጨመረም። "ለእገሌ" ተብሎ የተፈረመ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል። የደበዘዘ ፊርማ ላይ ግን በምንም ምክንያት እስክሪብቶ እንዳታሳርፉ፤ እባካችሁ። እንደዚያ ተደርጎ የመጣልኝን ማሊያ ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

የጌሪጓን ኳስ ነገር ልጨርስላችሁ። እኔ ለሰውዬው ምን እንደምለው ጠፍቶኝ ቆሜያለሁ። ሽማግሌው "ፎርጅድ ነው" አላሉትም። ወንበር ስበው አስቀመጡት፣ አጉሊ መነጽሩን በእጁ ሰጡት፣ መብራቱን ዝቅ አደረጉለትና ጭረቱን ራሱ እስኪያገኘው ጠበቁት። ከዚያ ሁለቱን ዓመቶች ነገሩት። ረጅም ጊዜ አየና ኳሷን በዚያው ጨርቅ መልሶ ጠቀለላት። "አያቴ አያውቁም ነበር" አለ። "አያውቁም" አሉት። እኔም እስከ ዛሬ መጥፎ ዜና የምነግረው ወንበር ስቤ፣ መነጽሩን አስይዤ ነው።