በቢላ የሚጫረው ብሮንዚን ሚሊዮን ምት እንዴት ቻለ?

ጥያቄ፦ አንድ ጥንታዊ የመኪና ሞተር ሲፈታ አይቼ ነበር። ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) ክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) በሚይዝበት ቦታ፣ ብሮንዚን በሚባለው ማረፊያ ላይ የፈሰሰው ነጭ ቅይጥ በቢላ ጫፍ ይጫራል። ይህን ያህል ለስላሳ ነገር ያን ሁሉ ምት እንዴት ቻለ? ጽናቱስ በምን ይፈተን ነበር?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ያዩት ቅይጥ ባቢት ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1839 በአሜሪካ ከሠራው ከአይዛክ ባቢት ነው። በስፋት የሚታወቀው ዓይነቱ 89 በመቶ ያህል ቆርቆሮ (ቲን)፣ ቀሪው አንቲሞኒና መዳብ ነው። ልስላሴው ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ከዘይቱ ጋር የገባች የአሸዋ ቅንጣት ክራንክሻፍቱን እንዳትቧጭር ባቢቱ ወደ ውስጡ ውጦ ያስቀራታል፤ በቆርቆሮው መካከል የተሰገሰጉት ጠጣር ቅንጣቶች ደግሞ ጫናውን ይሸከማሉ።

እ.ኤ.አ. በ1907 ሮልስ ሮይስ ሲልቨር ጎስት የተሰኘችውን መኪና በብሪታንያ የአውቶሞቢል ክለብ ታዛቢዎች ፊት 15,000 ማይል ካስነዳ በኋላ አስፈትቶ አስለክቷል። የመንገድ ፈተና የሞተሩን ብቃት በሚገባ ይመሰክራል፤ ሆኖም ዘይቱ፣ አሠራሩና ቅይጡ አብረው ስለሚፈተኑ የቅይጡን ድርሻ ለይቶ አያሳይም። በእኔ እምነት ትክክለኛው መንገድ ብሮንዚኑን ብቻ በመፈተኛ ማሽን ላይ አስሮ፣ የዘይቱን ሙቀት ሳይለውጡ፣ እስኪሰነጠቅ ድረስ በተለዋዋጭ ጫና መደብደብ ነው። በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞር ባለአራት ምት (በየሁለት ዙሩ አንዴ የሚፈነዳ) ሞተር እያንዳንዱን ቢየላ በሰዓት 45,000 ጊዜ በፍንዳታ ይመታዋልና፣ የ100 ሰዓት ፈተና 4.5 ሚሊዮን ምት ነው። ሙቀቱ በአንድ ደረጃ ሳይያዝ የተገኘ ውጤት ግን አይታመንም፤ ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀልጥ፣ ባቢት ገና በ100 ዲግሪ አካባቢ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ያጣል።

የደከመ ባቢት ሲታይ ገጹ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ይወርድና ከጀርባው ብረት አጠገብ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ሁለት ስንጥቆች ሲገናኙ መካከላቸው ያለው ቁራጭ ተነቅሎ ዘይቱ ውስጥ ይወድቃል። ንብርብሩ በሳሳ መጠን የጀርባው ብረት ጫናውን ስለሚጋራው ዕድሜው ይረዝማል፤ በወፍራሙ ይፈስ የነበረው ባቢት የብረት ጀርባ ባላቸው ስስ ብሮንዚኖች የተተካበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሞተሩ ዳግም የሚገጠም ከሆነ ብሮንዚኑን ነጭ ጋዝ ውስጥ ይንከሩት፤ አውጥተው በደንብ ይጥረጉትና የባቢቱና የብረቱ መጋጠሚያ ላይ የጠመኔ ዱቄት ይቀቡ። ጋዙ ጠመኔውን ካረጠበው ባቢቱ ከጀርባው ለቋል ማለት ነውና እንደገና መፍሰስ አለበት።